የአስተርጓሚው ሚስት ትምህርት ቤት

አባቴ በሕይወት ሳለ ሐዘን ተቀምጠንለታል።

ጣሊያን መንዝ ገብቶ ምሽግ መሥራት ሲጀምር፣ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ገደሉ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ባንዶች መጥተው ቤታችንን አቃጠሉት። የድንጋዩ ግድግዳ ቆሞ ቀረ፤ የጓሳ ሣሩ ክዳን ግን በአንድ አፍታ አመድ ሆነ። እናቴ ከእሳቱ ያተረፈችውን አንድ ባና የሚባል የሱፍ ብርድ ልብስና አንዲት እንዝርት ተሸክማ፣ እኔን በእጇ እየጎተተች፣ ሞላሌ ወንድሟ ዘንድ ገባች።

አጎቴ ቄስ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተችባቸው ቆይቷል፤ ልጅም አልነበራቸው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነበረች። ከእሳቸው ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ጩኸት በጠዋት እስከ ገበያው ይሰማል። እኔም እናቴም "አባ" ነበር የምንላቸው።

ሞላሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ነበረ። ምሽግ ባለበት ከተማ አዲስ የገባች ሴት ባሏ የት እንዳለ ትጠየቃለች። "ጫካ ነው" ማለት አንገትን ማቅረብ ነው። "ትቶኝ ሄደ" ብትል የሚያምናት የለም። አባና እናቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ቆዩና አባ፣ "እንግዲህ ሞቷል እንበል" አሉ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ሞተ በይ" አሏት። "የወባ ሬሳ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።"

በዚህ ዓይነት መርዶ ተነገረ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እናቴ ጸጉሯን ተላጭታ ከል ለበሰች። አባቴን አይተውት የማያውቁ የሞላሌ ሴቶች መጥተው አንጀታቸው እስኪላወስ አለቀሱለት። አንዲት ጎረቤታችን ደረቷን ስትመታ ውላ ማታ ላይ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። እናቴም አልቅሳለች፤ ለቅሶዋም የማስመሰል አልነበረም። ካደግሁ በኋላ እንዲህ ብላኛለች፦ "ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ሟርት አሟረትኩበት ብዬም ፈራሁ።" አባ የፍትሐቱን ጸሎት አደረሱ። ሰው ከተበተነ በኋላ ግን ለእናቴ፣ "የክርስትና ስሙን ውጬዋለሁ፤ ስሙን መጥራት አልቻልኩም" ሲሏት ሰምቻለሁ።

ለእኔ የተነገረኝ አጭር ነበር። እናቴ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አባትሽ በሕይወት አለ። ሰው ከጠየቀሽ ግን የለም በይ" አለችኝ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ ሰው እያለ እንዴት የለም እንደሚባል አልገባኝም። እሺ ግን አልኩ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ሐዘናችን ሳይበርድ ነው። ምሽጉ ውስጥ ለጣሊያኑ ሹም የሚያስተረጉም፣ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበረ። ሚስቱ አስመራ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት መምህርት ሥር ሆና ሕፃናት ስታስተምር የኖረች ናት ተባለ። ባሏን ተከትላ ሞላሌ ስትመጣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነላትም። ሹሙም ከተማው ሰላም ነው ብሎ ለአለቆቹ ማሳየት ይወድ ነበርና ፈቀደላት።

በከተማው ያልተወራ ነገር አልነበረም። የልጆቹን ማተብ ትበጥሳለች ተባለ። ወደ ሮማ ልትልካቸው ነው ተባለ። ከሁሉ የባሰው ግን፣ "ልጆቹን እያባበለች የቤታችሁን ምሥጢር ትለቃቅማለች" የሚለው ነበር። በመጀመሪያ ልጅ የላኩት አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮችና ጥቂት ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ።

አባ ግን እናቴን፣ "ላኪያት" አሏት።

"አባ፣ ምን ነካዎት? የአስተርጓሚው ሚስት ዘንድ?"

"እዚያ ልጇን የላከችን ሴት ባሏ ጫካ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራታል?"

እንግዲህ ወደዚያ ትምህርት ቤት የገባሁት እንድማር ታስቦ አልነበረም። እናቴ ለለበሰችው ከል ተጨማሪ መሸፈኛ ሆኜ ነው የገባሁት።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮ ከለበሱት ጥቂት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነበር። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሮቹን ነው። በልጅ ቁመት የተሠሩ ነበሩ። በሕይወቴ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ወንበር አይቼ አላውቅም፤ የአዋቂ ዱካ ላይ ወጥቼ እግሬን ማንጠልጠል ነበር የለመድኩት። መደርደሪያውም እጄ የሚደርስበት ቦታ ነው። ጥጉ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ውሃ ከእንስራ ወደ እንስራ ይገለብጣል፤ እንስራዎቹ ቡጢ የሚያህሉ ናቸው። ከእሱ የምትበልጥ ልጅ ባቄላ ከአተር ትለያለች። አንዷ ጨርቅ ላይ ቁልፍ ትቆልፋለች፤ ትፈታለች፤ ደግሞ ትቆልፋለች። የሚጮህ የለም። ዱላም የለም።

እኛ ልጆቹ መምህሯን ምን ብለን እንደምንጠራቸው ግራ ገብቶን ነበር። የኔታ እንዳንል ሴት ናቸው። በመጨረሻ ሁላችንም "እሜቴ" አልናቸው። አማርኛቸው የትግርኛ ቃና ነበረው። ረጋ ብለው፣ በርከክ ብለው፣ ዓይናቸው ከዓይናችን እኩል ሲሆን ነበር የሚያነጋግሩን።

ፊደሉን ከበግ ለምድ ቆርጠው በትንንሽ ሳንቃ ላይ ለጥፈውት ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን በጣታችን እንከተለዋለን። "ሀ" ወርዶ፣ ዞሮ፣ መልሶ ሲወጣ አሁንም ጣቴ ጫፍ ላይ ይሰማኛል። ቁጥሩ ክር ላይ የተሰካ ባቄላ ነው። ሥራ የሚሰጠን ሰው የለም፤ የወደድነውን እናነሣለን፣ በትንሽ ሰሌን ላይ እንዘረጋለን፣ ስንጨርስ ካነሣንበት እንመልሳለን። ታናሹም ታላቁም አንድ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ዝም እንላለን። እሜቴ ከበሩ ውጭ ሆነው ስማችንን አንድ በአንድ በሹክሹክታ ይጠራሉ፤ የተጠራው ኮቴው ሳይሰማ ተነሥቶ ይወጣል። ስሜ እንደዚያ ቀስ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

ሞንቴሶሪ የሚባል የማስተማር ዘዴ እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እኔም መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ደስታዬን ብቻ ነው። ያም ደስታ ያሳፍረኝ ነበር። አባቴ በዚያ ውርጭ ዋሻ ውስጥ ያድራል፤ እኔ በጠላት ቆርቆሮ ሥር ውሃ እየገለባበጥኩ ልቤ ይሞቃል። ቤት ስገባ እናቴ ከሏን ለብሳ ሱፍ ስትፈትል አገኛታለሁ። "እንዴት ዋልሽ?" ስትለኝ "ደህና" እላለሁ፤ ፊቴን አጠቁሬ። መደሰቴን እንደ ሰረቅሁት ዕቃ ነበር የምደብቀው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሜቴ ወላጆችን ጠሩ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ግማሹ ሊታዘብ፣ ግማሹ ፈርቶ ነው የመጣው። አባና እናቴም ነበሩ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው እኛ ሥራችንን ስንሠራ አዩን። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የተናገሩት አባ ናቸው። "ልጄ፣ እኔ ዘንድ ፊደል ሲቆጠር ጩኸቱ ገበያ ድረስ ይሰማል። እዚህ ግን ዝምታ ነው። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ የታመመ ልጅ ነው።"

"አባ፣ ሥራ የያዘ ሰው ዝም ይላል" አሉ እሜቴ። "እርስዎስ ቅዳሴ ገብተው ወሬ ያወራሉ?"

ሰው ሳቀ። አባም ሳቁ።

አንድ የጨው ነጋዴ፣ "ዱላ ከሌለ ሲያጠፉ በምን ይመለሳሉ?" አለ።

"ውሃ ሲደፉ መድፋታቸውን ያዩታል። ጨርቁ እዚያው አለ። ይጠርጉታል።"

ከዚያ እሜቴ ወላጅ ሊያውቀው ይገባል ያሉትን ተናገሩ። ማተብ አልነካም፣ በጾም ቀንም ልጁን እንዲበላ አላስገድድም አሉ። ልጁ ቤት መጥቶ ውሃ ልቅዳ ካለ አትከልክሉት፣ ይደፋል፣ ይድፋ አሉ። ዛሬ ምን ተማርክ ብላችሁ አታስጨንቁት፤ የተማረውን ሲሠራ ታዩታላችሁ አሉ። የአንዱ ልጅ ከሌላው ቢዘገይ አታወዳድሩ፤ ሁሉም በራሱ ጊዜ ይደርሳል አሉ።

እናቴ ከሴቶቹ ኋላ ነበረች። ድምጿ ሲሰማ ደነገጥኩ።

"ስለ ቤታችንስ ምን ይጠይቋቸዋል?"

ሁሉም ሊጠይቀው ፈልጎ የፈራው ጥያቄ ነበር።

"ምንም አልጠይቅም" አሉ እሜቴ። ከዚያ ግን ጨመሩ። "ይሁን እንጂ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሳልጠይቅም አያለሁ። ልጅ ቤቱን በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው። እናቱ ጨርቅ እንዴት እንደምታጥፍ፣ አባቱ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉም በሥራው ላይ ይታያል። ልጁን ወደኔ የሚልክ ሰው ይህን አውቆ ይላክ።"

እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ትንሽ ትምህርት ቤት ስይዝ፣ ለሚመጡት ወላጆች ይህንኑ እነግራቸው ነበር። ሌላውን ሁሉ በፈገግታ ይሰማሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ መሬት ይወርዳል።

ከዚያ እሑድ በኋላ ብዙ አልቆየም። እሜቴ አዲስ ሥራ አመጡ። ዝቅ ያለች ገበታ፣ ከቀንድ የተሠሩ ትንንሽ ዋንጫዎች፣ ትንንሽ ሰፌዶች። ተራው የደረሰው ልጅ ለቤቱ ሰው ያቀርባል፤ ዋንጫ ይደረድራል፤ ውሃ ይቀዳል። ተራው ሲደርሰኝ በጥንቃቄ ሠራሁ። አንድ ዋንጫ ለአባ። አንድ ለእናቴ። አንድ ለእኔ። አራተኛውን ደግሞ በሩ ፊት ለፊት አኖርኩት፤ አባቴ ሁልጊዜ በሩን እያየ ነበር የሚቀመጠው። በሁሉም ቀዳሁ። አንዲት ጠብታ አልደፋሁም። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

አጠገቤ የነበረች የአስካሪ ልጅ፣ "ይሄኛው የማን ነው?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። እሜቴ መጡና ጎንበስ ብለው አራተኛውን ዋንጫ አነሡት። ብርሃን ላይ አዙረው አዩት። "ይሄ ያፈሳል" ብለው መደርደሪያው ላይ መለሱት። ዋንጫው አያፈስም ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት አልነበረም። እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ እኔ ሱፍ እነጭላታለሁ። እሜቴ ብቻቸውን መጡ። እናቴ ተነሥታ ያነጠፈችላቸው ባና ላይ ተቀመጡ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ አወሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "ልጅዎ ትናንት ለአራት ሰው አቀረበች" አሉ።

እንዝርቱ ቆመ።

"ልጅ ናት" አለች እናቴ። "አባቷ ይናፍቃታል።"

"አባት የሞተበት ልጅ አይቻለሁ። ዋንጫውን አቅርቦ ያለቅሳል። የእርስዎ ልጅ ግን ቀድታ እስኪመጣ ትጠብቅ ነበር።"

እሜቴ ወደኔ አዩና ወደ እናቴ ተመለሱ።

"ሌሎች ልጆችም አሉ። አፍ አላቸው። ይምከሯት።"

"ለባለቤትዎ… ነግረዋቸዋል?"

እሜቴ ተነሡ። የተቀየሙ መሰለኝ። "ትምህርት ቤቴ ውስጥ ያየሁት እዚያው ይቀራል" ብለው ሄዱ።

እናቴ ግን ማመን አልቻለችም። ቀኑን ሙሉ ክር ስትበጥስ ዋለች። አባ ሲገቡ፣ "ሴትዮዋ አውቃለች" አለቻቸው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እኔን ሁለቱም አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አባ አሰቡና፣ "ልትጎዳሽ ብትፈልግ ቀድማ መጥታ ለአንቺ ትነግርሽ ነበር?" አሉ።

"ዛሬ አትነግረው ይሆናል። ነገስ? ሚስት ከባሏ ስንት ቀን ትደብቃለች?"

"ባሏም ክፉ ሰው አይደለም። ለንጉሣቸው ጸሎት አላደርስም ያልኩ ጊዜ ሹሙ አስጠርቶኝ ነበር። በገዛ አፌ 'የራሴ ንጉሥ አለኝ' አልኩት። ባሏ ግን ምን ብሎ እንዳስተረጎመው እንጃ፤ ሹሙ ራሱን ነቅንቆ አሰናበተኝ። ያ ሰው ባይኖር እኔ ዛሬ የለሁም።"

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። "እርስዎን አዳነ። ልጄን ግን ማን ያድንልኛል? ባሌ ይወቅ። ሌላ አልልም፤ ይወቅ ብቻ።"

አባ ቃሏን አላደርስም ብለው ለቀናት እንቢ አሉ። እሷ ግን እህል አልቀምስም አለች፤ እኔንም አሟታል ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። በመጨረሻ በገደሉ አፋፍ ባለች ቤተ ክርስቲያን የበዓል ቀን ሊቀድሱ ሲሄዱ፣ ከአባቴ ሰዎች ለአንዱ ቃሏን አደረሱ። ቃሏ፣ "የአስተርጓሚው ሚስት መኖርህን አውቃለች" የሚል ብቻ ነበር።

ከምሽጉ ማንም አልመጣብንም። ቀን በቀን ላይ ተተካ፤ ቤታችን አልተፈተሸም፤ አባ አልተጠሩም። እናቴም መብላት ጀመረች። ወደ ትምህርት ቤቱ ልትመልሰኝ እያሰበች ሳለ በአንድ የገበያ ቀን ወሬው መጣ። አስተርጓሚው ወደ መሐል ሜዳ ሲጓዝ መንገድ ላይ ተገድሏል።

በየቤቱ በር ተዘግቶ እልል የተባለ ይመስለኛል። ጠላት ነበርና። እናቴ ግን የያዘችውን የገብስ ቁና ለቀቀችው። ገብሱ መሬት ላይ ተበተነ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"የመንገድ ነገር ነው። ጦርነት ነው" አሉ አባ። ከዚያ ግን ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። "አንቺ ከሆንሽ እኔም ነኝ። ቃልሽን ተሸክሞ የሄደው የእኔ እግር ነው።"

እኔ ደግሞ ጥግ ቆሜ በልቤ የማስበው ዋንጫዋን ነበር። ያቺን አራተኛ ዋንጫ ባላቀርብ እሜቴ ባላወቁ፣ እናቴም ባልፈራች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ለቅሶው ላይ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰዉ አርበኞቹንም ጣሊያኑንም ፈርቷል። የሄዱት የአስካሪ ሚስቶች ብቻ ነበሩ። እናቴ፣ "እሄዳለሁ" አለች። አባ ሊያስቀሯት ቢሞክሩ አልሰማቻቸውም። እኔም ተከተልኳት።

እሜቴ የተቀመጡት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ትንንሾቹ ወንበሮች ግድግዳው ጋ ተደርድረዋል። አጠገባቸው አንድ ከምሽጉ የመጣ የባንዳ አለቃ ቆሟል። እናቴ ከሏን ለብሳ በሩ ላይ ስትታይ እሜቴ ተነሡና አንገቷን አቀፏት። እስከዚያ ቀን አንቺ ብለዋት የማያውቁት እሜቴ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "መጣሽ እህቴ? ባል መቅበር ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እነዚህ አያውቁትም" አሏት።

እሜቴ የአባቴን መኖር ያውቁ ነበር። ያውቁ ነበር፤ ያም ሆኖ በዚያች ቀን፣ በራሳቸው ለቅሶ ላይ፣ የባንዳው አለቃ እየሰማ ሸሸጉን። ያኔ እኔ አልገባኝም። እናቴ ግን ገባት። በሩን ይዛ ቀረች። በውሸቱ ለቅሶ ማቆም ያቃታት ሴት በእውነተኛው ለቅሶ ላይ አንዲት እንባ አጣች። ሴቶቹ "ሐዘኗ ተቀሰቀሰባት" ብለው ደግፈው አስቀመጧት።

እሜቴ ትምህርት ቤቱን አልዘጉም። እኔን እንድትልከኝ ሰው ሰደዱባት፤ እናቴም ላከችኝ። እንቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም። ከል ለብሰው፣ እንደ ድሮው በርከክ ብለው ያነጋግሩኛል። በእኔ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረባቸውም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። እናቴ "እኔ ነኝ" ስትል ሰምቻለሁና የወደድኩት ሥራ ሁሉ ከበደኝ። አንድ ቀን የለምዱ ፊደል ላይ ጣቴን ሲመሩኝ እጄ ተንቀጠቀጠ።

"እጅሽ ምን ሆነ?" አሉኝ።

"በርዶኝ ነው እሜቴ።"

እጄን በሁለት እጃቸው መሐል አድርገው አሞቁት። ከዚያ የባሰ ቅጣት አግኝቶኝ አያውቅም።

ጣሊያን ምሽጉን ለቅቆ ሲወጣ እሜቴም ከጓዙ ጋር እስከ ጣርማበር በበቅሎ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት የለምድ ፊደሎቹን በሣጥን አድርገው ለአባ አመጡላቸው። አባ ለጥቂት ጊዜ ሣጥኑን አልከፈቱትም። በኋላ ግን ለተማሪዎቻቸው አወጡት። ልጆቹ በጣታቸው ይከተሉታል፣ ከዚያም ባላቸው ድምፅ ይጮኹታል። አባ በዝምታው በኩል እስከ መጨረሻው አልተሸነፉም።

አባቴ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ከስቶ፣ በሕይወት ገባ። ከተማው ሁሉ ሞቶ የተለቀሰለትን ሰው ሊያይ መጣ። ደረቷን የመታችለት ጎረቤታችን ገና በሩ ላይ ሆና፣ "እንባዬን ክፈለኝ!" ብላ ጮኸችበት፤ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አብራ አልሳቀችም። ጥቂት ቀን አሳልፋ፣ አባቴ አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ ሄዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አስተርጓሚውን ማን ገደለው?"

"ያ መንገድ በእጃችን ነበር" አለ። "ስንቴ አይተን አሳልፈነዋል። ለተከሰሰ ገበሬ ቃል ያለዝባል ሲባል እሰማ ስለነበር፣ ተዉት ይሂድ እል ነበር።"

"ያን ቀንስ?"

"ያን ቀን ተዉት አላልኩም።"

እሷም ሌላ አልጠየቀችውም። እስኪሞቱ ድረስ በአንድ ቤት ኖሩ፤ ሦስት ልጆችም ጨመሩ፤ ይህን ነገር ግን ዳግመኛ ሲያነሡት አልሰማሁም።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው፤ አንድ ነጋዴ እሜቴ ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ እየሰፉ እንደሚኖሩ ነገረን። እናቴ ያን ክረምት ሱፍ ስትፈትል ከረመች። ነጭ ባና አሠራች። ሲያልቅ፣ "ነይ፣ ውሰጂኝ" አለችኝ። እስከ ጣርማበር በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን።

አገኘናቸው። አርጅተዋል፤ መነጽር አድርገዋል፤ በስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። ሲያውቁን ደስ አላቸው። ወንበር ሰጡን። እናቴ ግን ደስታቸውን መሸከም አልቻለችም። ሳትቀመጥ ጀመረች። ፍርሃቷን፣ የላከችውን ቃል፣ አባቴ ያላትን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች።

እሜቴ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏት።

"ለምን ነገርሽኝ?" አሉ።

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ይህን ሁሉ ዓመት ጦርነት ነው የገደለው ብዬ ኖሬያለሁ። ጦርነት ፊት የለውም። የሚጠላ ሰው አጥቼ ነበር፤ በዚያም ዐርፌ ነበር። አሁን ፊት ሰጠሽኝ። የምወደውን ፊት።" ድምፃቸው አልጨመረም። "አንቺ አራግፈሽው ትሄጃለሽ። እኔስ የት አደርገዋለሁ?"

በመንገዱ የሚያልፉ ጋሪዎች ይሰማሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ታስተምሪያለሽ?"

"አዎ እሜቴ።"

"ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ይሁኑ። የልጅ እግር መሬት ካልነካ ልቡ አይረጋም።"

ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እናቴ ባናውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ውሰጂው አላሏትም፤ ተዪውም አላሏትም።

ጣርማበር ከመኪናው ስንወርድ የአፋፉ ነፋስ ተቀበለን። በቅሎው እስኪጫን ቆመን ሳለ፣ "ባልነግራት ይሻል ነበር?" አለችኝ።

"እንጃ፣ እምዬ" አልኳት።

እውነቴን ነው። ያኔም አላወቅሁም፤ ዛሬም የእሷ ዕድሜ ላይ ደርሼ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠመጠመች፤ በቅሎው ላይም አልወጣም ብላ በእግሯ ከፊቴ ሄደች።